ሰባት ፍየልና ስምንት ፍየል፦ የእህትሽን ልጅ ከመጠርጠርሽ በፊት

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከኮምቦልቻ ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አቀርበዋለሁ።

«ውድ አዘጋጅ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። የምትታወቀው በፍየል ጥብስና በቅቅል ነው። ድሮ ፍየል የሚያመጣልኝ አንድ ደላላ ነበር። ከባቲ ገዝቶ እስከ በራፌ ያደርስልኛል፤ ለእያንዳንዱ ፍየል 150 ብር ኮሚሽን ለብቻው እሰጠዋለሁ። የእህቴ ልጅ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳየው ግን እሱ ይግዛልኝ ብዬ ደላላውን ተውኩትና ልጁን ሰኞ ሰኞ ባቲ መላክ ጀመርኩ። ለእሱም ለፍየሎቹም ትራንስፖርት፣ ከነምሳው፣ ለአንድ ሰኞ 700 ብር እሰጠዋለሁ። በአራት ሰኞ ሰባት ፍየል አምጥቷል። እንደ አመጣጣቸው ዋጋቸው 7,200፣ 6,800፣ 7,000፣ 14,500፣ 7,400፣ 6,900 እና 7,100 ነው። የደላላው የመጨረሻዎቹ ስምንት ፍየሎች ደግሞ 7,600፣ 7,250፣ 8,000፣ 7,500፣ 7,200፣ 7,800፣ 7,350 እና 7,800 ነበሩ።

ባለቤቴ በሞባይሉ ሲያሰላው የደላላው አንድ ፍየል በአማካይ 7,563 ብር፣ የእህቴ ልጅ ግን 8,129 ብር ወጣ። ‹በየፍየሉ 566 ብር እየተበላሽ ነው› አለኝ። ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ደግሞ ‹በሚዲያን ነው የሚታየው› ብሎ መሀል ያለውን ቁጥር ሲፈልግ 14,500 ላይ ወደቀ። ጭራሽ ባሰ። ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። ልጁ እጄ ላይ ያደገ ነው። ባለቤቴ ‹ሌባ ነው፣ ይባረር› እያለ ነው። እርግጥ አንዱ ፍየል ለሰርግ የታዘዘ ሙክት ነበር፤ ገንዘቡንም ባለሰርጉ ከፍሎኛል። ግን ሌሎቹስ? ልጁን ላሰናብተው? ደሴ ላለችው እህቴስ ልንገራት?»

ወዐለይኩም ሰላም እህቴ። አብሽሪ።

መልሱን ላስቀድመውና ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። በላክሽልኝ ቁጥሮች ውስጥ ይህን ልጅ ሌባ የሚያስብል አንድም ነገር አላየሁም። እንዲያውም ዋጋዎቹ በወጉ ተደርድረው ሲታዩ በርካሽ የሚገዛልሽ እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ባለቤትሽ የማባረሩን ነገር ካነሳ «ቆይ፣ ሒሳቡን እንደገና እንየው» በይው። ከአፍ የወጣ ቃል ከእጅ የወደቀ እንቁላል ነው። የእህትን ልጅ አንዴ ሌባ ካሉት በኋላ «ሒሳቡ ተሳስቶ ነው» ብሎ መመለስ ከባድ ነው። ልጁም አይረሳውም፣ እህትሽም አትረሳውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ።

የባለቤትሽ ስሌት ስህተት የለበትም። ሰባቱን ደመረ፣ 56,900 አገኘ፣ ለሰባት አካፈለ፣ 8,129 ወጣ። ልክ ነው። ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። እሱ ማወቅ የፈለገው ልጁ አንድ ተራ የጥብስ ፍየል ስንት እንደሚገዛ ነው። አማካይ የሚመልሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የወጣው ብር በሙሉ ለሰባት እኩል ቢካፈል ስንት ስንት ይደርሳል? ያ ሙክት ብቻውን የሁለት ፍየል ዋጋ ይዞ ገብቷል። አማካዩ የሙክቱን ትርፍ ወስዶ በስድስቱ ፍየሎች ላይ ከፋፍሎ ጫነባቸው። እስቲ ዝርዝሩን ተመልከቺው። ልጁ በ8,129 ብር ወይም እዚያ አካባቢ የገዛው አንድም ፍየል የለም። ስድስቱ ከ7,400 አያልፉም፣ አንዱ 14,500 ነው። በመሀል ባዶ ነው። ባለቤትሽ ልጁን የከሰሰው ባልተገዛ ፍየል ዋጋ ነው ማለት ነው።

ሙክቱን አውጥተሽ ስድስቱን ብቻ ብትደምሪ 42,400 ይሆናል፤ ለስድስት ሲካፈል 7,067 ገደማ። አንድ ፍየል ብቻ ወጥቶ አማካዩ ከ1,000 ብር በላይ ወረደ። በአንድ ፍየል መግባትና መውጣት ይህን ያህል በሚዋዥቅ ቁጥር ሰው ላይ መፍረድ አይገባም።

ልጅሽ ግን መንገዱን ይዞታል። በርታ በይው፤ ሚዲያን የሚያስፈልገው ልክ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ መሆኑን ማወቁ ትልቅ ነገር ነው። የዘለለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አልደረደረም። ሚዲያን ማለት ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ከተደረደሩ በኋላ እመሀል የሚገኘው ቁጥር ነው። እሱ ግን በአመጣጣቸው ተራ እንደተጻፉ አራተኛውን አነሳ። 14,500 አራተኛ ላይ የተገኘው ሙክቱ አራተኛ ስለተገዛ ነው። ሰርጉ በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ ይቀመጥ ነበር። ፍየሉ የመጣበት ተራ ስለ ዋጋው ምንም አይነግረንም።

ይህን ሥራ ያለ ካልኩሌተር መሥራት ይቻላል። ምሽት ላይ እንግዳ ሲቀንስ አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጅሽ ሦስታችሁም ጠረጴዛ ላይ ቁጭ በሉ። አንድ ወረቀት ቀዳዱና በእያንዳንዷ ቁራጭ ላይ አንድ ዋጋ ጻፉ። ለእህትሽ ልጅ ሰባት ቁራጭ፣ ለደላላው ስምንት ቁራጭ። ሁለቱን አታደባልቁ። ከዚያ የልጁን ከትንሽ ወደ ትልቅ በአንድ ረድፍ ደርድሩት፦

6,800፣ 6,900፣ 7,000፣ 7,100፣ 7,200፣ 7,400፣ 14,500።

አሁን ከሁለቱም ጫፍ እኩል እያነሳችሁ ሂዱ። ከግራ 6,800ን፣ ከቀኝ 14,500ን። ሙክቱ በመጀመሪያው ዙር ወጣ፤ ከእሱ ጋር ደግሞ በጣም ርካሹ ፍየል አብሮት ወጣ። ማንም ለልጁ አላደላም፣ ከሁለቱም ወገን እኩል ነው የተነሳው። ቀጥሎ 6,900 እና 7,400። ቀጥሎ 7,000 እና 7,200። ጠረጴዛው ላይ የቀረችው አንዲት ቁራጭ 7,100 ናት። የእህትሽ ልጅ ሚዲያን 7,100 ብር ነው። ሦስቱ ፍየሎች ከዚያ በታች ተገዝተዋል፣ ሦስቱ ከዚያ በላይ።

ወደ ደላላው ስንመጣ ሁለት ነገር ያደናግራል። አንደኛው 7,800 ሁለት ጊዜ መኖሩ ነው። ብዙ ሰው «ይህን ጽፌዋለሁ» ብሎ አንዱን ይተወዋል። አይተውም! ሁለት ፍየል ነው የተገዛው፣ ሁለት ቁራጭ ይኑረው። አንዱ ቢቀር ሚዲያኑ ወደ 7,500 ይወርድና ደላላው ያለ ሥራው ርካሽ ይመስላል። ሁለተኛው ቁጥሮቹ ስምንት፣ ማለትም ተጋማሽ ቁጥር ሆነው ጥንድ ጥንድ የሚወጡ መሆናቸው ነው። ሲደረደሩ እንዲህ ናቸው፦

7,200፣ 7,250፣ 7,350፣ 7,500፣ 7,600፣ 7,800፣ 7,800፣ 8,000።

ከሁለቱም ጫፍ እኩል ስታነሱ 7,200 ከ8,000 ጋር፣ 7,250 ከ7,800 ጋር፣ 7,350 ከሁለተኛው 7,800 ጋር ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ሁለት ናቸው፦ 7,500 እና 7,600። አንዱን መርጦ ማንሳት የለም። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። 7,550። በዚህ ዋጋ የተገዛ ፍየል ባይኖርም ግድ የለም፤ ከስምንቱ አራቱ ከዚያ በታች፣ አራቱ ከዚያ በላይ ናቸው።

እንግዲህ ልጁ 7,100፣ ደላላው 7,550። የ450 ብር ልዩነት ነው፤ ያውም ለልጁ የሚያደላ። በአማካይ ሲታይ 566 ብር የተበላሽ የሚመስለው፣ በሚዲያን ሲታይ 450 ብር የተረፈሽ ሆነ። ፍየሎቹ ያው ናቸው፣ ብሩም ያው ነው።

የደላላው አማካይ 7,563፣ ሚዲያኑ 7,550 መሆኑንም አስተውይ። ተቀራርበዋል። የእሱ ፍየሎች ሁሉም አንድ አካባቢ ስለሆኑ፣ ለብቻው የሚጎትት ሙክት ስለሌለበት ነው። የልጁ ግን አማካዩ ከሚዲያኑ በ1,000 ብር ገደማ ይርቃል። ወደፊት ደብተርሽ ላይ ሁለቱ እንዲህ ተራርቀው ካየሽ ሰውን ከመጠየቅሽ በፊት ዝርዝሩን እዪ። ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ውስጡ ይኖራል።

«ታዲያ ሙክቱን ዝም ብለን ብናወጣውስ?» ልትዪ ትችያለሽ። በአንቺ ሁኔታ ይቻላል፤ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ለሰርግ የታዘዘ ነው፣ ገንዘቡም ከአንቺ ኪስ አልወጣም፣ ከጥብስ ፍየሎች ጋር አንድ ገጽ ላይ መጻፍም አልነበረበትም። ስድስቱን ብቻ ወስደሽ ሚዲያን ብትፈልጊ በ7,000 እና በ7,100 መሀል 7,050 ይመጣል። ሙክቱ ኖረም አልኖረም ሚዲያኑ በ50 ብር ብቻ ነው የተነቃነቀው። ሙክቱ 25,000 ብር ቢሆን እንኳ ሚዲያኑ ያው 7,100 ነው፤ አማካዩ ግን ወደ 9,629 ይተኮስ ነበር። ይሁንና ቁጥር ስለከበደን ብቻ እያወጣን መጣልን ልማድ እንዳናደርገው። ዛሬ ውዱን ለልጁ ካወጣንለት፣ ነገ ደላላው መጥቶ «የእኔንም 8,000 አውጡልኝ» ቢል ምን እንመልሳለን? የሚዲያን ደግነቱ እዚህ ላይ ነው። ማንንም ሳናወጣ፣ ከማንም ጋር ሳንከራከር ወደ ተራው ፍየል ዋጋ ያደርሰናል።

ይህ ነገር ከፍየል ገበያ በላይም ይሠራል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ዕድሜ ሚዲያን 19 ዓመት ገደማ ነው ሲባል ከሕዝቡ ግማሹ ከዚያ በታች ነው ማለት ነው። የሰው ገቢ ሲነገርም በብዙ አገር ሚዲያንን የሚመርጡት ጥቂት ባለጸጎች አማካዩን ወደ ላይ ስለሚጎትቱት ነው። ልጅሽ አስተማሪው ቢጠይቀው ይህን ይመልስ።

አሁን ደግሞ ባለቤትሽ «ሰባትና ስምንት ፍየል ምን ያህል ይናገራል? ትንሽ ነው» ቢል እውነቱን ነው። ትንሽ ነው። ግን ቁጥሩ ትንሽ ሲሆንም ምን ያህል ሊያስተማምን እንደሚችል መፈተኛ መንገድ አለ። ልጁ ስምንተኛ ፍየል ገዝቶ መጣ እንበል። ምንም ያህል ቢያወጣበት፣ 5,000ም ይሁን 20,000፣ የስምንቱ ሚዲያን ከ7,050 አይወርድም፣ ከ7,150ም አይወጣም። ራስሽ በወረቀት ቁራጮቹ ሞክሪው። ደላላውም ዘጠነኛ ቢያመጣ ሚዲያኑ በ7,500 እና በ7,600 መሀል ነው የሚያርፈው። ስለዚህ የሚቀጥለው አንድ ፍየል ምንም ይሁን ምን ሁለቱ ቦታ አይቀያየሩም። በሌላ በኩልም እዪው፦ ልጁ ከገዛቸው ሰባት ፍየሎች አራቱ የደላላው በጣም ርካሽ ከሆነው ፍየል እንኳ ያንሳሉ። ከደላላው ስምንት ፍየሎች ደግሞ አምስቱ ልጁ ለጥብስ ከገዛው ውዱ ፍየል፣ ከ7,400፣ ይበልጣሉ። የተደራረቡት ከ7,200 እስከ 7,400 ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሚዲያን ስታወዳድሪ ይህንንም አብረሽ ብታዪ ጥሩ ነው። ሁለት ሚዲያኖች በ450 ብር ቢለያዩም ዋጋዎቹ ከ4,000 እስከ 12,000 የተበታተኑ ቢሆኑ ኖሮ «ልዩነት አለ» ለማለት እኔም አልደፍርም ነበር።

ነገር ግን 450ው በሙሉ ኪስሽ የሚገባ አይደለም። ወጪ አለ። ለደላላው በፍየል 150 ትከፍይ ነበር። በእያንዳንዱ ዋጋ ላይ እኩል 150 ሲጨመር ሚዲያኑም በ150 ከፍ ይላል፣ እንደገና መደርደር አያስፈልግም፤ 7,700 ይሆናል። የልጁ ወጪ ግን በፍየል ሳይሆን በጉዞ ነው። አራት ሰኞ በ700 ሲባዛ 2,800 ብር፣ ለሰባት ፍየል ሲካፈል በፍየል 400። ስለዚህ 7,500። ልዩነቱ ወደ 200 ብር ጠበበ። አሁንም ልጁ ይሻላል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። እና እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። በአራት ጉዞ ሰባት ፍየል ማምጣት ትራንስፖርት መጨረስ ነው። ግቢሽ ውስጥ ማሰሪያ ቦታና ቀለብ ካለሽ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሄዶ ሦስት አራት ቢያመጣ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። ከልጁ ጋር የሚያነጋግር ነገር ካለ ይህ ነው እንጂ ስርቆት አይደለም።

ሚዲያን የማያየው ነገርም አለና እሱን ሳልነግርሽ ባልፍ ደግ አይደለም።

ልጁ ከእያንዳንዱ ፍየል ላይ 300 ብር ቢቆርጥ ሚዲያኑ አያጋልጠውም። ሰባቱም ዋጋ እኩል 300 ከፍ ይላል፣ ሚዲያኑም አብሮ ይወጣል፣ ረድፉ ያው የተስተካከለ ይመስላል። ሙክቱ ላይ ብቻ ቢጨምር ደግሞ ሚዲያኑ ጭራሽ አይነቃነቅም። ስለዚህ ሚዲያን «ልጁ ንጹሕ ነው» ብሎ አይምልልሽም። የሚልሽ «ከደላላው አልተወደደም» ብቻ ነው። ለመጠርጠር ምክንያት ሆኖ የቀረበው ግን ልጁ ውድ ገዛ የሚለው ነበር፤ እሱ ደግሞ አሁን ወድቋል። ሌላ ምክንያት ከሌለ ጥርጣሬውም አብሮ ይውደቅ።

ስለ ሙክቱ፣ ለብቻው ጠይቂ። ያን ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሌላ ሰው ወይም ሌላ ምግብ ቤት ያለው ጎረቤት «ያ የሚያክል ሙክት ስንት ይጠራ ነበር?» ብትዪው ይነግርሻል። ይህን ማድረግ ነውር የለውም፣ ማንም ነጋዴ የሚያደርገው ነው።

የባቲን ገበያ ጠባይም አትርሺ። የተለጠፈ ዋጋ የለበትም። አፋሩ ከቆላው፣ ኦሮሞውና አማራው ከየቀበሌው እየነዳ ያመጣል፤ እያንዳንዱ ፍየል በራሱ ክርክር ነው የሚሸጠው። ገዢው ወገቡን ይጨብጣል፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ መቶ ይጨምራል። ጠዋት የተጠራው ዋጋና ሻጩ ወደ አገሩ ለመመለስ ሲቸኩል የሚቀበለው ዋጋ አንድ አይደለም። ከ6,800 እስከ 7,400 መለያየቱ የገበያው ጠባይ ነው። ይልቅ ሰባቱም ልክ 7,500 ነው የተገዙት ቢልሽ ኖሮ እኔም ቅንድቤን አነሳ ነበር። የተለያየ ዋጋ ጽፎ ማምጣቱ እየተከራከረ እንደሚገዛ ነው የሚያሳየኝ።

ቀኑስ? ደላላው ያመጣልሽ ከልጁ በፊት ነው ብለሻል፤ በየትኛው ሳምንት እንደሆነ ግን አልጻፍሽም። ዐረፋ አካባቢ ከሆነ ወይም የፋሲካ ሰሞን ከሆነ ፍየል ውድ ነበር፣ ለደላላውም መፍረድ የለብንም። በዓቢይ ጾም ከሆነ ደግሞ ክርስቲያኑ ሥጋ ስለማይበላ ፈላጊው ይቀንሳል። ሁለት ዝርዝር የሚወዳደረው ወቅቱ ሲመሳሰል ነው። የደብተርሽን ቀን እዪና አስቢበት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን መጠኑ ነው። የምትሸጪው ሥጋ እንጂ ፍየል አይደለም። የልጁ ፍየል በ7,100 ተገዝቶ 10 ኪሎ ሥጋ ቢወጣው ኪሎው 710 ብር ነው። የደላላው በ7,550 ተገዝቶ 11 ኪሎ ተኩል ቢወጣው ኪሎው 657 ገደማ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የደላላው ነው የሚያዋጣሽ፣ ምንም እንኳ ሚዲያኑ ከፍ ቢልም። ይህን አንቺም እኔም አሁን ማወቅ አንችልም፣ ኪሎው አልተጻፈምና። ምግብ ቤት ውስጥ ሚዛን አለሽ። ከታረደ፣ ከተገፈፈና ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ ከመከተፉ በፊት መዝኚው። ዱለቱን ለብቻ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፍየል ዋጋውን ለኪሎው አካፍለሽ፣ የእነዚያን ቁጥሮች ሚዲያን ፈልጊ። ለአንቺ ሥራ ዋናው ንጽጽር እሱ ነው።

አማካይን ግን ጭራሽ አትጣዪው። የወሩ የፍየል ወጪሽ ስንት እንደሆነ፣ ጥብሱን ስንት ብትሸጪ እንደማትከስሪ ስታስቢ የሚያስፈልግሽ አማካይ ነው። 7,100ን በሰባት ብታባዢ 49,700 ይመጣል፤ የወጣው ገንዘብ ግን 56,900 ነው። በሚዲያን በጀት ብትይዢ 7,200 ብር ጎድሎሽ ትገኛለሽ። ገንዘብ ለመያዝ አማካይ፣ ተራው ፍየል ስንት እንደሚገዛ ለማወቅ ሚዲያን።

እንግዲህ ምን አድርጊ? ለሚቀጥሉት ጥቂት ሰኞዎች ከቻልሽ ከሁለቱም ግዢ። ልጁ የተወሰነ ያምጣ፣ ደላላውም የተወሰነ ያምጣ፣ በአንድ ሰኞ፣ ተመሳሳይ መጠን፣ ሁለቱም ወጠጤ። ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ማን እንደገዛው፣ ዋጋውን፣ ኪሎውን ጻፊ። ለሰርግና ለድግስ የታዘዘውን ለብቻው ሌላ ገጽ ላይ አድርጊው። ከየወገኑ ስምንት ዘጠኝ ሲሞላ እንደገና ደርድሪው። ለልጁም ፊት ለፊት ንገሪው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ኪሎውንም እንጽፋለን፣ ለደላላውም ለአንተም» በይው። በስውር አይሁን። ኪሎ እንደሚመዘን ያወቀ ልጅ ገበያ ላይ ወገቡን ጠበቅ አድርጎ ይጨብጣል፣ ይህ ለአንቺም ይጠቅማል።

ልጁን ላሰናብተው ወይ ላልሽው፣ አታሰናብቺው። ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩልሽ ያለሁት በዋናነት ይህን ለማለት ነው። አራት ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ወደ ቆላው ወርዶ ከአዋቂ ነጋዴዎች ጋር ተከራክሮ፣ ከልምድ ያለው ደላላ ባነሰ ዋጋ ገዝቶ የመጣ ልጅ ነው። ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር ያልሽው ልጅ ሥራ ችሏል። ይህን ደግሞ ማንም አልነገረውም ይሆናል፤ አንቺ ንገሪው።

ለእህትሽ አሁን የሚነገር ነገር የለም። ጥርጣሬውን ብቻ ብትነግሪያት ደሴ ቁጭ ብላ ትብሰለሰላለች፣ ቁጥሩን ደግሞ አላየችውም። ባለቤትሽ ልጁ በሚሰማበት አንድ ቃል ከተናገረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ እሱ ራሱ ልጁን ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቀው፣ በአንቺ በኩል አይሁን።

የሰኞዎቹ ዋጋ ሲሞላ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ኪሎው እንዳይረሳ።